ካሮት በልቼ ፀሐይ ላይ ልውጣ?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የፋርማሲስቷ መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቀለም ናቸው። ካሮት፣ ቲማቲም፣ እርድ፣ ቀይ ሥር፤ የሁሉም ማሰሪያ «ቆዳዬን ይጠብቅልኛል ወይ?» የሚል ነው። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ እነዚህን ብቻ ይዤ ተቀምጫለሁ። መልሴ ሁላችሁንም እንደማያስደስት ከወዲሁ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንደምን አለሽ? ሥራዬ ውጭ የሚያውል ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ስቀባ ፊቴ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልበኛልም። ካሮትና ቲማቲም ውስጥ ያለው ቀለም ቆዳን ከውስጥ ይከላከላል ሲሉ ሰምቼ በየቀኑ መብላት ጀምሬያለሁ። ክሬሙን ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መብላቱን ቀጥል፣ ክሬሙን ግን እንዳትተው።

የሰማኸው ነገር መሠረት የለውም አልልህም። ተክል ፀሐይ ሲበረታበት እንደ እኛ ጥላ ሥር መግባት አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ ተገትሮ ይውላል። ብርሃኑ ከሚፈልገው በላይ ሲሆንበት ትርፉ ጉልበት በቅጠሉ ውስጥ ወዳለው ኦክስጅን ይሻገርና ኦክስጅኑን ያገኘውን ሁሉ የሚጎዳ ቁጡ ነገር ያደርገዋል። ሲንግሌት ኦክስጅን ይባላል። ካሮቲኖይድ የሚባሉት ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ቀለሞች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ያንን ጉልበት ከኦክስጅኑ ተቀብለው በሙቀት መልክ ይበትኑታል፤ ራሳቸው ሳይጎዱም ለሚቀጥለው ዝግጁ ይሆናሉ። ካሮቲኖይድ እንዳይሠራ በማገድ ብቻ አረምን የሚገድሉ መድኃኒቶች አሉ። የተረጨበት አረም አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ ሲኖርበት የነበረው ብርሃን ራሱ ይገድለዋል። ስለ ካሮቲኖይድ ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ያሳመነኝ የለም።

በእኛም ቆዳ ውስጥ ፀሐይ ይህንኑ ቁጡ ኦክስጅን ትፈጥራለች። ሰውነታችን ግን ካሮቲኖይድ መሥራት አይችልም፤ ያለን የበላነው ብቻ ነው። ከምግቡ ስብ ጋር ተያይዞ ወደ ደም ይገባል፣ ከደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፤ መዳፍና ግንባር ላይ በርከት ብሎ ይቀመጣል።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ በቀን 40 ግራም የቲማቲም ድልህ ከ10 ግራም የወይራ ዘይት ጋር ለ10 ሳምንታት ወሰዱ። ድልሁ ውስጥ 16 ሚሊግራም ያህል ላይኮፒን ነበር፤ ቲማቲምን የሚያቀላው ቀለም ማለት ነው። ከዚያ ጀርባቸው ላይ የተመጠነ አልትራቫዮሌት፣ ማለትም ከፀሐይ የሚመጣው በዓይን የማይታይ ጨረር፣ ተደረገባቸው። ዘይቱን ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር የቆዳቸው መቅላት በ40 በመቶ ያነሰ ሆነ። አሁን አንተ የሰማኸው ወሬ የማይነግርህን ልጨምርልህ፦ በአራተኛው ሳምንት ተለክተው ነበር፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ዛሬ የጠጣኸው የካሮት ጭማቂ ለነገው ፀሐይ ምንም አያደርግልህም። ደግሞም መቅላቱ ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

ምክንያቱ ቀለሙ ራሱ ነው። ካሮት ብርቱካንማ ሆኖ የሚታየን የሞገዱ ርዝመት ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር የሆነውን ሰማያዊ ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ቆዳን የሚያቃጥለው ቢ የሚባለው አልትራቫዮሌት ግን ከ280 እስከ 320 ናኖሜትር ላይ ነው ያለው፤ እዚያ ካሮቲኖይዱ ብዙም አይዝም። ክሬሙ ጣሪያ ነው። የበላኸው ቀለም ደግሞ ጣሪያው ሲያፈስ ወለሉን የሚወለውል ሰው ነው። ወልዋይ አለኝ ብሎ ጣሪያውን የሚያፈርስ የለም።

ሁለቱን ጎን ለጎን የፈተነ ጥናትም ተደርጓል። አውስትራሊያ ውስጥ ናምቦር በምትባል ከተማ 1,621 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ገሚሱ በየቀኑ 30 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን (ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ካሮቲኖይድ)፣ ገሚሱ ባዶ እንክብል ወሰዱ፤ ከሁለቱም ወገን ገሚሶቹ ደግሞ በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ እንዲቀቡ ተደረገ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ እንክብሉ በቆዳ ካንሰር ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም። በየቀኑ የተቀቡት ግን ስኳመስ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰላቸው። በግሌ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ነጭ ሆኖ የሚቀረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። እነሱ የሌሉበትን፣ በጄል መልክ የተዘጋጀውን ጠይቅ፤ ላብ ላይም ይሻልሃል። ኤስፒኤፍ የሚባለው የክሬሙ የመከላከል አቅም ቁጥር 30 የሆነው ለቃጠሎ የሚዳርገውን ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ያስቀራል፣ 50 የሆነው 98 በመቶ፤ ስለዚህ ቁጥር አታሳድድ፣ መጠኑን አታሳንስ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ድገመው። ባርኔጣና እጅጌ ያለው ልብስ ደግሞ አያልብም አልልህም፣ ግን ታጥቦ አይሄድም።

ቲማቲሙን በተመለከተ፣ የበሰለው ከጥሬው ይሻላል። ሙቀቱ ላይኮፒኑን ከሴሉ ያወጣዋል፣ ቅርጹንም ለአንጀት በሚመች መልክ ይለውጠዋል። ዘይት ጠብ ያላለበት ሰላጣ ከበላህ ካሮቲኖይዱ ከሞላ ጎደል እንደገባ ይወጣል።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፍልሽ። ልጄ ዓመት አልሞላትም። መዳፏ፣ የእግሯ መርገጫና የአፍንጫዋ ዙሪያ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቶቼ የወፍ በሽታ ነው እያሉኝ ነው። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ትኩሳት የላትም። የምትወደው የካሮትና የዱባ ገንፎ ነው፣ ሌላ ስሰጣት ትተፋዋለች።

መልስ፦ እናትዬ፣ እስኪ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ያዢያትና የዓይኗን ነጩን ክፍል እዪው። የታችኛውን ቆብ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ዝቅ አድርጊ። ነጭ ከሆነ አንድ ትልቅ ሥጋት ከላይሽ ወረደ። የጉበት ችግር የሚያመጣው ቢጫነት ዓይንን አይምርም፤ የካሮት ቢጫነት ግን ዓይን ውስጥ አይገባም፣ ቆዳው ወፈር ባለበት መዳፍና መርገጫ ላይ ነው የሚሰበሰበው። ቀጥለሽ ዳይፐሯን ተመልከቺ። ሽንቷ ጠቁሮ ወይም ሰገራዋ ገርጥቶ ነጭ ከመሰለ ገንፎው ይቅርና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

አንቺ የጻፍሽልኝ ምልክት ሁሉ ካሮቲኖደርሚያ ከሚባለው ጋር ይገጥማል። አንድ መቶ ግራም ጥሬ ካሮት ውስጥ 8 ሚሊግራም ያህል ቤታ ካሮቲን አለ። ትልቅ ሰው እንኳ በየቀኑ 20 እና 30 ሚሊግራም ለሳምንታት ሲበላ መዳፉ ይቀየራል፣ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። ጉዳት የለውም። ሰውነት ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው በሚያስፈልገው ልክ ስለሆነ የቫይታሚን መመረዝ አያመጣም። ገንፎውን በሳምንት ጥቂት ቀን አድርጊውና ሌላውን ቀስ በቀስ አስለምጃት፤ ቢጫው በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ይለቃል። ቸኩለሽ አትፈትጊው፣ ከቆዳው ላይ ሳይሆን ከቆዳው ውስጥ ነው ያለው።

ካሮት ሳያበዙ መዳፋቸው ቢጫ የሚሆንባቸው ሰዎችም አሉ። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲዳከም ወይም ስኳር በሽታ ሲኖር ይህ ይታያል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ አንባቢ ደም ቢመረመር ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህት ዓለም! ጉንጬ ላይ ማድያት ወጥቶብኛል። እርድ፣ ሎሚና ማር በጥብጬ ማታ ማታ እቀባለሁ፤ አንዳንዴ ቀንም ተቀብቼ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሲደርቅ ጥሩ ይይዛል ብዬ። እርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም ከፀሐይም ይከላከላል ይባላል። ትንሽ ማቃጠሉ እየሠራ ስለሆነ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም፣ የኔ እህት። ማቃጠሉ ቆዳሽ «ተይኝ» እያለሽ ነው። ዛሬውኑ አቁሚው፣ በተለይ ሎሚውን።

ከሎሚው ልጀምር፣ ምክንያቱም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሎሚና ዘመዶቹ፣ በተለይ ልጣጫቸው፣ ፉሮኩማሪን የሚባል ነገር አላቸው። ቆዳ ላይ ሆኖ ኤ የሚባለው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ከሴሉ ዘረመል ጋር ይጣበቃል። ክፋቱ ወዲያው አለመታወቁ ነው። በረንዳ ላይ በተቀመጥሽበት ቀን ምንም የለም፤ በማግስቱ ይቀላል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድን ደግሞ ጥቁር ጠባሳ ትቶ ለወራት ይቆያል። ማድያት ላለበት ፊት ከዚህ የከፋ ግብዣ የለም። አሲዱ ብቻውንም ቆዳን ያስቆጣል፤ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ይጠቁራል፣ በተለይ ጠየም ያለው።

ወደ እርዱ እንምጣ። ቢጫው ቀለም ኩርኩሚን ይባላል፤ ከዱቄቱ 3 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ እብጠትን የሚቀሰቅሱ መልእክቶችን ያዳክማል፤ ይህን የሚያሳዩ ጥናቶች ብዙ ናቸው፣ አልክድም። ሲበላ ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ሲቀባስ ከፀሐይ ይከላከላል ላልሽው፣ እኔን ከምታምኚ ፎጣሽን ጠይቂው። የእርድ እድፍ ያለበትን ነጭ ፎጣ ሳሙና ስታስነኪው እድፉ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ኩርኩሚን ከአሲድ ወደ አልካሊ ሲሻገር እንዲህ ነው። ከዚያ አለቅልቀሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ሳሙናው ያልቻለው ቢጫ በብርሃኑ ይደበዝዛል። ልብ በይ፣ ብርሃን የሚያፈርሰው ቀለም ነው። ራሱን ከፀሐይ ያላዳነ ቀለም ጉንጭሽን ያድናል ብሎ ማሰብ አይሆንልኝም። አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ እንደሚያመጣም እወቂ፤ ማሳከክና ሽፍ ማለት ካለ እሱ ሊሆን ይችላል።

ማሩ ምንም አላደረገሽም፣ ብይው።

ለማድያቱ፣ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ያዢ፤ ለምን ቀለም ያለው እንዳልኩ ቀጥሎ ባለው መልስ ላይ ታገኚዋለሽ። ከዕፅዋት ወገን የሆነ ነገር ካልሽ፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ አዜላይክ አሲድ የሚባል አለ። ቀለም አይደለም፣ ግን ማድያት ላይ የተፈተነ መድኃኒት ነው፣ ነፍሰ ጡር እንኳ እንድትጠቀምበት ይፈቀዳል። ወራት ይፈልጋል። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት፣ በሳምንት ፊት የሚያነጣ ክሬም ካቀረቡልሽ ግን አትቀበዪ። እንዲህ ያሉት ውስጥ ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ፤ መጀመሪያ ያሳምርና በኋላ ቆዳውን ያሳሳዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ጥቁር ነኝ። ሜላኒን፣ ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ አለኝ። ካሮትም ክሬምም ለምን ያስፈልገኛል? ይህ ሁሉ የነጮች ጭንቀት አይደለም ወይ?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ አንድ ልኬት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ የመከላከል አቅም በኤስፒኤፍ ሲለካ በአማካይ 13.4፣ የነጭ ሰው 3.4 ነው ብሏል። ይህን የመሰለ ቀለም የትኛውም ተክል ሊሰጥህ አይችልም፤ ተወልደህበታል። የቆዳ ካንሰርም በጥቁር ሕዝብ ላይ ብዙ ያነሰ ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው ወንድሞችና እህቶቻችን ግን ይህ ጋሻ የላቸውም፤ ለእነሱ ልብሱም ባርኔጣውም ክሬሙም የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

ሌላው ግማሽ እነሆ። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ማድያትንና ከብጉር በኋላ የሚቀረውን ጥቁር ነጥብ የሚያባብሰው አልትራቫዮሌቱ ብቻ አይደለም። በዓይን የሚታየው ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ያጠቁረዋል። ተራው ግልጽ ክሬም ይህን ብርሃን አያቆምም። የሚያቆመው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር የማዕድን ቀለም፣ ሲቀላቀል የቆዳ መልክ የሚይዝ። ስለ ተክል ቀለም በጻፍኩበት ዓምድ ላይ ድንጋይ ማሸነፉ ለእኔም ገርሞኛል። ካሮቲኖይዶች ሰማያዊ ብርሃን ይውጣሉ ብዬ ነበር፤ በምግብ በኩል ቆዳ ላይ የሚደርሰው መጠን ግን ፊት ላይ ከተቀባ ቀለም ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሲጋራ ያጨሳል፣ ማቆም አልቻለም። ለቆዳውም ለሳንባውም ብዬ የቤታ ካሮቲን እንክብል ልገዛለት ነው። በቀን ስንት ይውሰድ?

መልስ፦ አንድም። እባክሽን አትግዢ።

እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የፊንላንድ ጥናት 29,133 አጫሽ ወንዶችን የያዘ ነበር። በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨመረ። ቀነሰ አላልኩም፣ ጨመረ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 30 ሚሊግራም ከቫይታሚን ኤ ጋር ለአጫሾች፣ ማጨስ ላቆሙና በአስቤስቶስ ሥራ ለተጋለጡ ሰዎች ይሰጥ የነበረ ሌላ ጥናት ጭማሪው 28 በመቶ ሆኖ ስለተገኘ እ.ኤ.አ. በ1996 ከጊዜው 21 ወራት ቀድሞ ተቋረጠ። ካሮትና ቲማቲም ይብላ፣ ምግቡ ይህን ጉዳት አያመጣም። ብዙ ቫይታሚን በአንድ ላይ የያዙ እንክብሎች ጀርባም ላይ ቤታ ካሮቲን መኖሩን እያያችሁ ግዙ። ለማቆም የሚረዱ የኒኮቲን ማስቲካና ልጥፍ አሉ፤ ገንዘቡን እዚያ ላይ ብታውዪው ለቆዳውም ያው እሱ ነው የሚጠቅመው። በዚህ ላይ ጥያቄ ካለሽ ጻፊልኝ፣ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የካሮት ዘር ዘይት ኤስፒኤፍ 40 አለው ይላሉ። ከሌላ ዘይት ጋር ቀላቅዬ የራሴን መከላከያ ልሥራ?

መልስ፦ አትሥሪ። ብርቱካንማው ቀለም ያለው ሥሩ ውስጥ ነው። ከዘሩ በእንፋሎት የሚወጣው ዘይት ውስጥ ቤታ ካሮቲን የለም፤ ሞለኪዩሉ ከእንፋሎት ጋር ለመውጣት ከባድ ነው። ኤስፒኤፍ የሚለካውም በሰው ቆዳ ላይ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ተቀብቶ፣ ቆዳው መቅላት እስኪጀምር ጨረሩን እየቆጠሩ ነው። ማሰሮ ውስጥ የተበጠበጠ ዘይት ይህን ፈተና አላለፈም። ለሽታው ከወደድሽው ማታ ተቀቢው።

ጥያቄ፦ ቀይ ሥር ለቆዳ ጥሩ ነው ብለው በየቀኑ ጭማቂውን እጠጣለሁ። ትናንት ሽንቴ ቀላ። ደም ነው?

መልስ፦ ምናልባት ቀይ ሥሩ ራሱ ነው፤ ቤታኒን የሚባለው ቀለሙ በአንዳንድ ሰው ሽንት ያልፋል፣ የብረት እጥረት ያለባቸው ላይም በርከት ይላል። ጭማቂውን ለሁለትና ሦስት ቀን አቁምና ተመልከት። ከጠራ ጉዳዩ አለቀ። ሳትጠጣም ከቀላ፣ ወይም ሕመም ካለው፣ ሽንትህን ለማስመርመር ሳትዘገይ ሂድ። ለቆዳው ግን ይህ ነው የሚባል ማስረጃ አላየሁም፤ ከወደድከው ጠጣ።